እትዬ እስቲና የስህተት ማስጫው ገመድ

ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። "ሰዓት ስንት ነው?" ስትሉት "ምነው፣ ቀጠሮ አለህ?" ይላል። "ይሄ መንገድ ሆስፒታል ያደርሳል?" ስትሉት "ማን ታሞባችሁ ነው?" ይላል። መልሱ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ግን ሳታለቅሱ አያወጣላችሁም። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሲሆን አጥር ከፍ ይደረጋል። የሥራ ባልደረባ ሲሆን ዝውውር ይጠየቃል። የልጅ አስተማሪ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ለእኔ የደረሱኝ የእነዚህ ሰዎች ሁሉ የበላይ፣ ክብርት እመቤት እትዬ እስቲ ናቸው። ስማቸው አይደለም፤ እኛ ወላጆች የሰጠናቸው ማዕረግ ነው። "እስቲ አሳየኝ፣ እስቲ አሳዪኝ፣ እስቲ ያሳዩኝ" ከማለት አፋቸው አርፎ አያውቅም። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጋዋናቸው በጠመኔ ብናኝ የነጣ ሴት ናቸው። የጋዋኑ ደረት ኪስ ላይ፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ፣ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ሁልጊዜ አለ። እንደ ኒሻን ነው የሚያደርጉት።

ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩ ዕለት "ክፍሉ ስንት ተማሪ ይይዛል?" አልኳቸው። መቼም ወላጅ የሚጠይቀው ነገር ነው። "እስቲ ገብተሽ እይና ንገሪኝ" አሉኝ። ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጌ በዴስኮቹ መሃል እየተጠማዘዝኩ ቆጠርኩ። ላቤን ጠርጌ ስነግራቸው ደግሞ "እንዴት አድርገሽ ቆጠርሽ? በረድፍ ነው አንድ በአንድ?" አይሉኝም! ከዚያ ቤት ስወጣ የተመዘገብኩት እኔ ራሴ መሰለኝ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የደረሰበትን ስሰማ ግን ተጽናናሁ። አንድ ጠዋት "እትዬ፣ ዛሬ ይዘንብ ይሆን?" ብሏቸው፣ "እስቲ ቀና በልና የምታየውን ንገረኝ" አሉት። ቀና አለ። ከዚያ ወዲህ አንገቱ አልተመለሰም። ዛሬ ደመናውን በየዓይነቱ ለይቶ፣ ነፋሱን አሽትቶ፣ ከሬዲዮኑ የተሻለ ይናገራል። የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ሁሉ እሱን ሳያማክር ባልዲ አያነሳም። ርዕሰ መምህሩም አልተረፉም። "ውጤት መቼ ያስገቡልኛል?" ቢሏቸው "እርስዎስ መቼ ቢደርስዎ ነው የሚያነቡት?" ብለው መለሱላቸው፤ ሰውየው እስካሁን እያሰቡበት ነው። ባለቤታቸው ደግሞ በወጣትነታቸው "ታገቢኛለሽ?" ሲሏቸው "እስቲ ምክንያትህን አስረዳኝ" ተባሉ ይባላል። ይኸው ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው እንኳ ማስረዳቱ አላለቀላቸውም።

ከሁሉ ከሁሉ የሚገርመው ግን ገመዱ ነው። በክፍላቸው ውስጥ ከመስኮቱ እስከ ቁም ሳጥኑ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። አንድ ልጅ ሒሳብ ሲሳሳት የተሳሳተውን መልስ በትልቁ በወረቀት ይጽፍና፣ በመቆንጠጫ ገመዱ ላይ አስጥቶት፣ ለክፍሉ እጅ ይነሳል። ክፍሉ ያጨበጭባል። እትዬ እስቲም "እርጥብ ነው፤ ይድረቅ" ይላሉ። ልጁ ለምን እንደተሳሳተ ራሱ ደርሶበት ያስረዳ ቀን ወረቀቱን አውርዶ ቤቱ ይወስዳል። ልጆቹ ታዲያ ገመዱ ላይ ለመውጣት ይጋፋሉ። አንዱ ሆን ብሎ ሊሳሳት ሞክሮ "ይሄማ ቀድሞ የደረቀ ነው፤ አይሰጣም" ተብሎ ተመልሷል አሉ።

ይህን ሁሉ ዛሬ እየሳቅኩ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ ጥርሴ አልተገለጠም። ምክንያቱ ልጄ ናት።

ልጄ ቤት ውስጥ ምላሷ ጤፍ ይቆላል። አያቷ "ሬዲዮዬ" ነው የሚላት፤ ማታ ካልተኛች ጣቢያው አይዘጋም። ዱሮ በነበረችበት ትምህርት ቤት ግን አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት ወጥታ አንድ ድምር ተሳሳተች። ክፍሉ ሳቀባት። ልጅ ነው፣ ይስቃል። ግን አስተማሪውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ክፍል ውስጥ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። በሩ ድረስ እያወራች እንሄዳለን፤ ከበሩ ስታልፍ ሬዲዮው ይጠፋል። ትምህርት ቤት ቀየርኩላት፤ ያው ሆነ። እትዬ እስቲ ዘንድ ከገባችም በኋላ ወራት አለፉ፤ ያው ነው።

"እትዬ፣ ልጄ ትናገር ይሆን?" እላቸዋለሁ በሄድኩ ቁጥር።

"አንቺ ምን ይመስልሻል?"

"እኔማ ባውቅ ለምን እጠይቅዎ ነበር!"

"እስቲ ቤት ስትጫወት አዳምጪያትና ያለችውን ንገሪኝ።"

እንግዲህ ምን ላድርግ፣ አዳመጥኳት። የቤቱን ጫማ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ደርድራ ታስተምራለች። የአያቷ ጫማ ይሳሳታል፤ እሷ ወገቧን ይዛ "እርጥብ ነው፤ ይድረቅ" ትለዋለች። ይህን ሄጄ ስነግራቸው እትዬ እስቲ ፊታቸውን አዙረው የጸዳ ሰሌዳ ማጽዳት ያዙ። እኔም "ወይ ጉድ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ጥያቄም አለቀባት" ብዬ ተናድጄ ወጣሁ።

በዚህ ላይ አባቴ አለ። አባዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሹም ነው፤ ጡረታ የወጣው ግን ወንበሩ እንጂ እሱ አይደለም። ቤታችን ውስጥ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ ለእሱ የቀረበ ነው የሚመስለው። እንግዳ መጥቶ ልጄን "ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?" ሲላት አባዬ ይመልሳል። "ጎበዝ ነሽ?" ሲላት "ጎበዝ ናት" ይላል። እንዳትቸገርበት ነው፤ ከመውደዱ ብዛት ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ነው የሚመልስላት። ስለ እትዬ እስቲ ያለውን አቋምም ደብቆ አያውቅም።

"መምህር ማለት የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ይናገራል። የማይናገር ሰው እንግዲህ..." ይላል። "ስህተት እንደ አንሶላ የሚሰጣበት ቤት! በእኛ ጊዜ ስህተት ይፋቃል እንጂ ፀሐይ ይሞቃል እንዴ?"

"አባዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"ዓመቱ አለቀ እኮ! እንቁላሉ ተበላሸ!"

በዚህ መሃል ትምህርት ቤቱ "የፈጠራና የሒሳብ ቀን" አለና ወላጆችን ጠራን። አባዬ "እኔም እመጣለሁ" አለ። "አያለሁ። ልጅቷ አንድ ነገር ከተናገረች ደግ። ካልተናገረች ግን በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ወደ ሌላኛው ክፍል አዛውራታለሁ።" ሌላኛው ክፍል የማባዛት ሰንጠረዥ በኅብረት የሚጮኽበት ነው፤ ድምፃቸው ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል። እዚያ ልጄ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዕድሜ ልኳን ልትደበቅ ትችላለች። ይህን አውቄዋለሁ። ግን አባቴን "ተው" የምልበት ምን መልስ ነበረኝ? እትዬ እስቲ እንደሆኑ መልስ አይሰጡ! ልጄ ከጓዳ ሆና ስትሰማን ነበር። ወጥታ "አባባ፣ እዚያ እኮ ገመድ የለም" አለችና ተመልሳ ገባች። ያን ዕለት ማታ ሬዲዮው ቤትም ውስጥ ጠፋ።

ቀኑ ደረሰ። አባዬ ሱፉን ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ያንን የቢሮ እስክሪብቶውን ሰክቶ ሄደ። በሩ ላይ እትዬ እስቲ ከነመቆንጠጫቸው ቆመዋል። ሁለቱ ሹማምንት አንዱ የሌላውን ደረት አይተው እጅ ተነሳሱ።

"እንደምን አደሩ፣ መምህርት። ዛሬ ፕሮግራሙ ምንድን ነው?"

"ምን ቢሆን ደስ ይልዎታል፣ ጋሼ?"

አባዬ ዞሮ አየኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገባኝ።

ልጆችና ወላጆች ተደባልቀን በየጠረጴዛው ተቀመጥን። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ባዶ የእንቁላል ካርቶን አለ። ጥያቄው፣ ይህ ካርቶን ለምን ለምን ይሆናል የሚል ነው።

"ለእንቁላል" አለ አባዬ።

"ሌላስ?"

"ለሌላ እንቁላል።"

ልጆቹ ግን ተነሱበት። አንዱ ለጉንዳኖች ፎቅ ቤት ነው አለ። አንዷ ጣራ ላይ ቢደፋ ዝናቡ ሲመታው ከበሮ ይሆናል አለች። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ሚጢጢ ደግሞ አባዬን ትክ ብላ አየችና "የሚናደድ ሰው ንዴቱን አንድ በአንድ ያስቀምጥበታል፤ ሁሉንም ባንዴ እንዳይሰብረው" አለች። ኧረ በስማም! ሳቄን አፍኜ ወደ ጣራው አየሁ። ልጄ ከአያቷ ጎን ተቀምጣለች። ቃል አልወጣትም፤ ካርቶኑን ግን ወስዳ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ አንድ ቁራጭ ጠመኔ አስቀመጠች። እትዬ እስቲ በአጠገቧ አለፉ፣ አዩ፣ ሄዱ። "ምናለ አንድ ነገር ቢሏት!" አልኩ በሆዴ።

ቀጥሎ በጋዜጣ ብቻ ረጅሙን ማማ መሥራት ነው። አባዬ ወዲያው ራሱን መሐንዲስ አድርጎ ሾመ። ጋዜጣውን ሲጠቀልል ግን አንድ ርዕስ ዓይኑ ውስጥ ገባና ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ቡድኑ ያለ መሐንዲስ ቀረ። የሠራችው ልጄ ናት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጋዜጣውን አጥብቃ እየጠቀለለች አቆመችው። አንድ አባት "ጎበዝ! እንዴት ብታስቢው ነው?" ቢላት አባዬ ከጋዜጣው ቀና ብሎ "መሠረቱ ሰፊ ስለሆነ ነው" ብሎ መለሰላት። እሷ የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋች። የከፈተችውን አይቻለሁ። እትዬ እስቲም አይተዋል።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ርዕሰ መምህሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ አባዬ በዓይኑ ይሸኛቸዋል።

በመጨረሻ ልጆቹ የሣሏቸው ሥዕሎች ገመዱ ላይ ሊሰጡ ሆነ። እትዬ እስቲ የስህተቱን ወረቀቶች ወደ አንድ ጥግ ሰበሰቡና አሥር ሥዕል መርጠው አነሱ። "እያንዳንዱ ሥዕል ግራና ቀኝ ጫፉ በመቆንጠጫ ይያዛል" አሉ። "ግን መቆንጠጫ ስለምንቆጥብ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሥዕሎች ጫፍና ጫፋቸውን ደርበው አንድ መቆንጠጫ ይጋራሉ። ለአሥሩ ሥዕል ስንት መቆንጠጫ ልስጣችሁ?"

ልጆቹ ገና ጣታቸውን ሳይዘረጉ "አሥር!" አለ አባዬ። ተነስቶም ቆመ፤ ይህ እንግዲህ የእሱ ሜዳ ነው። "አንድ ሥዕል ሁለት ጫፍ አለው። አሥር ሥዕል ሃያ ጫፍ። አንድ መቆንጠጫ ሁለት ጫፍ ይይዛል። ሃያ ለሁለት ሲካፈል አሥር። አለቀ!"

ወላጆች አጨበጨብን። እውነቴን ነው፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። እትዬ እስቲ አሥር መቆንጠጫ ቆጥረው ሰጡትና "እስቲ ያሳዩኝ፣ ጋሼ" አሉ።

አባዬ ሱፉን አውልቆ ወንበር ላይ አደረገና ማስጣት ጀመረ። በአንዱ መቆንጠጫ የመጀመሪያውን ሥዕል ግራ ጫፍ ያዘ። በሚቀጥለው የእሱን ቀኝና የጎረቤቱን ግራ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ እያፏጨ፣ ቁም ሳጥኑ ጋ ደረሰ። የመጨረሻው ሥዕል ግራ ጫፉ ተያዘ። ቀኝ ጫፉ ወደ ታች ተንጠለጠለ። አባዬ እጁን አየ፤ ባዶ ነው። ኪሱን ፈተሸ። ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ከዚያ የሒሳብ ሹምነቱ መጣበት፤ ዞሮ ሰዉን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

"አንድ ጎድሏል። ማነው ያነሳው?"

ማንም አላነሳም። ገመዱ ላይ ያሉትን መልሶ ቆጠረ፤ አሥር ናቸው። ላብ ላብ አለው። "ሒሳቡ ትክክል ነው" አለ በመጨረሻ፤ "ገመዱ ነው የተሳሳተው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ሳቁ፣ ወላጆች ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር። ፊቷ ልክ እንደዚያ ክፉ ቀን አመድ መስሏል። ያ ሳቅ እንደገና መጣ፤ አሁን ደግሞ በአያቷ ላይ። አባዬ ቁም ሳጥኑ ጋ ብቻውን ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጥቷል።

ልጄ ተነሳች። በዴስኮቹ መሃል አልፋ ሄደች፤ ወንበር ላይ ወጥታ የተንጠለጠለውን ጫፍ በእጇ ደግፋ ያዘች።

"አትሳቁበት" አለች።

ድምፁ ከየት እንደመጣ ያላወቁ ልጆች ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ሰምተውት አያውቁማ!

"አባባ፣ ሃያው ጫፍ ላይ ልክ ነህ" አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላቆመችም። "የመሃሎቹ ሁሉ ጎረቤት አላቸው፤ ይጋራሉ። ሁለቱ ጫፎች ግን ዳር ናቸው። አንዱ መስኮቱ ጋ፣ አንዱ እዚህ። ጎረቤት የላቸውም። ለብቻቸው መቆንጠጫ ይፈልጋሉ። አንተ ለዚያኛው ሰጠኸው፤ ለዚህኛው አልደረሰም።"

አባዬ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ሲከፍት መልስ ይወጣ ነበር። አሁን ግን እትዬ እስቲን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እስቲ... እስቲ አሳዪኝ" አለ።

ልጄ ዙሪያዋን አየች፤ ትርፍ መቆንጠጫ የለም። እትዬ እስቲ ቀርበው ደረታቸውን ወደ እሷ አደረጉ። ልጄ ያንን ኒሻን ከጋዋናቸው ነቅላ የመጨረሻውን ጫፍ ያዘችበት። ሥዕሉ ቀጥ አለ። የማን ሥዕል እንደነበር እንኳ አላየሁም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

አባዬ ግን ወንድ ነው። ደንቡን አክብሮ ወረቀት ለመነ፣ በዚያ በቢሮ እስክሪብቶው "10" ብሎ በትልቁ ጻፈ፣ ገመዱ ጥግ ላይ ከአንዱ ስህተት ጋር መቆንጠጫ አጋርቶ አሰጣውና ወገቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጭብጨባው አሁን ሌላ ነበር። ልጄ ከወንበሩ ላይ ሆና ወገቧን ያዘችና "እርጥብ ነው፤ ይድረቅ" አለችው። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ እንደገና ጠረገ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መሄዱ ተረሳ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ እትዬ እስቲን ያዝኳቸው። ደረታቸው ላይ መቆንጠጫ ስለሌለ ሌላ ሰው መስለውኛል።

"እትዬ፣ እንደምትናገር ያውቁ ነበር አይደል?" አልኳቸው። "እንዴት አወቁ?"

"እስቲ" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም።

"አላወቅኩም" አሉኝ። "ስትጠይቂኝ ሁሉ መልሱ አልነበረኝም። ምናልባት ዝም ብዬ ልጅቷን እያጠፋኋት ይሆናል እያልኩ ነው ዓመቱን የጨረስኩት። ስለ ጫማዎቹ የነገርሽኝ ቀን ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ያን ዕለት እንባዬን እንዳታዪብኝ ነው ዞሬ ሰሌዳ የጠረግኩት።"

ዓመት ሙሉ አንድ ቀጥተኛ መልስ ስለምናቸው ከረምኩ፤ ሲሰጡኝ ተቀብዬ የማደርገው ጠፋኝ። አቅፌያቸው ብናኙ ሁሉ ቀሚሴ ላይ ቀረ። "እንዴት አድርጌ ላመስግንዎ?" ስላቸው ወዲያው ወደ ራሳቸው ተመለሱ። "እስቲ አንቺ አስቢበት" ብለው መነጽራቸውን አስተካክለው ሄዱ።

አባዬ "10"ን ሊያወርድ እንደገና ክፍሉ ሄዶ ለልጆቹ አስረድቷል። ሲያስረዳ አንዱ ልጅ ቢያቋርጠው "ጨርስ፣ ጨርስ" አለው አሉ፤ አባዬ! አሁን ወረቀቷ ሳሎን ውስጥ ከጡረታ ምስክር ወረቀቱ ጎን ተሰቅላለች። እንግዳ መጥቶ ልጄን ሲጠይቃት ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ ሲያምጥ ያሳዝናችኋል። እኔን ደግሞ ይበቀለኛል። ባለፈው "አባዬ፣ ምሳ በላህ?" ብለው "እስቲ አንቺ ምን ይመስልሻል?" አለኝ። አንዱ ሳይበቃኝ ሁለት ሆኑብኝ! ሬዲዮው ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቤትም ክፍልም፣ ክፍት ነው። እትዬ እስቲ ራሳቸው "እስቲ ትንሽ እንድትተነፍስ ንገሪያት" ብለው ልከውብኛል።

እትዬ፣ አስቢበት እንዳሉኝ አሰብኩበት። ከዚህ ጽሑፍ የተሻለ ምስጋና አላገኘሁም። አንድ አዲስ መቆንጠጫ ጨምሬበት በልጄ እጅ ልኬልዎታለሁ፤ ደረትዎ ባዶ ሆኖ ማየት አልወድም። በቆጠራ የተሳሳትኩት፣ የረሳሁት ነገር ካለ ግን ልጆቹ እያዩ ገመዱ ላይ ያስጡት። እጅ ልነሳ እመጣለሁ። እርጥብ ነው፤ ይድረቅ።